የቃኘው ዘማች የባሕር ጉዞና አገር ቤት የቀረችው እጮኛ፦ የቤተሰብን ታሪክ መዝግቦ የማቆያ መንገድ

ኮሪያ የዘመተ አባት ወይም አያት ያለው ቤተሰብ ስለ ውጊያው የሚያወሳው አያጣም። ኮረብታው፣ ብርዱ፣ የሌሊቱ ቅኝት፣ ለጠላት አንድም ምርኮኛ አለመሰጠቱ በየጊዜው ይነሣል። ከጅቡቲ እስከ ኮሪያው የፑሳን ወደብ ሦስት ሳምንት ገደማ የፈጀው የመርከብ ጉዞ ግን «በመርከብ ሄድን» በምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። በዚያን ጊዜ አገር ቤት ቀርታ ስትጠብቅ የነበረችው እጮኛ ደግሞ፣ ኋላ የቤቱ እመቤትና የልጆቹ እናት ከሆነች በኋላ እንኳ፣ ምን እንዳሳለፈች የሚጠይቃት የለም። የሚከተለው ምክር ይህን የተዘለለ ምዕራፍ መዝግቦ ማስቀረት ለሚፈልግ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የተጻፈ ነው። ታሪኩ የሁለት ሰዎች ስለሆነ የእሱንና የእሷን ቃል በአንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ ጎን ለጎን ማስፈር ይገባል፤ የእሱ ብቻ ከተመዘገበ የሚገኘው የዘመቻ ታሪክ እንጂ የመለያየት ታሪክ አይደለም።

በቅድሚያ የሚጣራው ዘማቹ ወደ ኮሪያ ከተላከው የኢትዮጵያ ጦር፣ ከቃኘው፣ ከየትኛው ሻለቃ ጋር እንደ ሄደ ነው። ሻለቆቹ በዓመት ገደማ ይቀያየሩ ስለነበር «ኮሪያ ዘምቷል» የሚለው ብቻ ዘመኑን አይነግርም። አረጋውያን ዓመተ ምሕረት ቢያሳስቱም የአዛዣቸውን ስም እምብዛም አይረሱም፤ ስለዚህ «መቼ ሄዱ?» ከማለት ይልቅ «አዛዣችሁ ማን ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ካሉ 1ኛው ቃኘው ነው፤ ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ካሉ 2ኛው፣ ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ካሉ ደግሞ 3ኛው ነው።

ከዚህ በታች የማቀርበው የቀን ማዕቀፍ የ1ኛውን ሻለቃ የሚመለከት ነው። ጦርነቱ የተጀመረው ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ነው። ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ በራስ መኰንን ፈረስ ስም «ቃኘው» የተባለው ጦር ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ዓ.ም. ጄኔራል ማክሬ በተባለች የአሜሪካ የጦር ሠራዊት ማመላለሻ መርከብ ጉዞውን ጀመረ፤ በዚያው ወር ማብቂያም ፑሳን ወደብ ደረሰ። ይህችን መርከብ በኋላ የዘመቱት ሻለቆች ታሪክ ውስጥ በግምት አያስገቧት።

በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ ለጠያቂ ከሁሉ የሚጠቅመው ነገር በዓሉ ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 21 ቀን ነበር። ስለዚህ ወታደሮቹ መርከብ የተሳፈሩት በዐቢይ ጾም፣ ሆሳዕና ስድስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ሆሳዕናን፣ ስቅለትንና ትንሣኤን ያሳለፉትም ውሃ ላይ ሆነው ነው። ከሰባ ዓመት በላይ ያለፈውን ቀን በቁጥር ማስታወስ የማይችል ሰው የዚያን ዓመት ፋሲካ የት እንደ ዋለ ግን ሊነግርዎ ይችላል፤ እሷም እንደዚሁ። «የዚያን ዓመት ፋሲካ እንዴት ዋላችሁ?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ለሁለቱም ለየብቻ ማቅረብ፣ ሁለቱን ታሪኮች በአንድ ቀን ላይ ለማገናኘት ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ የበለጠ ይሠራል። ዘማቹ ሙስሊም ከሆነ ጥያቄው ይለወጣል፤ ረመዳን የገባው ኮሪያ ከደረሱ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ በግንቦት ማብቂያ ላይ ስለነበር፣ ስለ መጀመሪያው የጾም ወር በባዕድ አገር መጠየቅ ይሻላል።

የቀን አቆጣጠርን በተመለከተ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልበት ቦታ አለ። በእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ «ኤፕሪል 16» የሚለውን አይቶ «ሚያዝያ 16» ብሎ መጻፍ ታሪኩን ስምንት ቀን ያዛባል፤ ኤፕሪል 16 ቀን 1951 እንደ እኛ ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ነው። በተጨማሪም የ1943 ዓ.ም. ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበረች የ1944 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 1952 መጨረሻ ድረስ ያሉት ቀኖች ከለመድነው በአንድ ቀን ይንሸራተታሉ። በዚያ ዓመት ገና የዋለውም ታኅሣሥ 28 ነው። ከኮሪያ የተላከ ደብዳቤ «የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 28» የሚል ከሆነ ተሳስቷል ብለው እንዳያርሙት። እኔ የምመክረው ሰነዱ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ገልብጦ፣ የተሰላውን ቀን በሌላ መስመር ማስፈር ነው።

ከዘማቹ ጋር ሲነጋገሩ ስሜትን በቀጥታ አይጠይቁ። «እማማ ናፍቀውዎት ነበር ወይ?» ቢባል የዚያ ዘመን ወታደር «ያው ነው፣ ወታደር ነበርን» ብሎ ይዘጋዋል። ይልቅስ ዕቃንና ቦታን፣ ሥራንና ምግብን ይጠይቁ። እንዲህ ባሉ መርከቦች ወታደር የሚተኛው በብረት ዘንግ ላይ በተወጠረ ሸራ ሲሆን፣ አልጋዎቹ ፎቅ በፎቅ የተደረደሩ ስለነበሩ ከላይ የተኛው ሰው ሲገላበጥ ከታች ያለው ይሰማዋል። ስለዚህ «ከላይ ነበር የተኙት ወይስ ከታች? ከጎንዎ ማን ነበር?» ብለው ይጀምሩ። የጓደኛው ስም ከተገኘ ወሬው ራሱ ይመጣል፤ ለማን ስለ ማን ያወሩ እንደነበርም አብሮ ይወጣል። ከደጋ የመጣ፣ ባሕር አይቶ የማያውቅ ወጣት መርከቡ ሲናወጥ ምን እንደሆነ፣ በጾሙ ወራት ከአሜሪካኖቹ ወጥ ቤት ምን እንደ በላና ምን እንደ ተወ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሶ ሲሰለፍ ምን እንደ ተባለ ይጠይቁ። መርከቡ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል፤ «አሁን አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ይሆን?» ብለው ያሰሉ እንደሆነ መጠየቅ፣ ናፍቆት የሚለውን ቃል ሳያነሡ ስለ ናፍቆት ለመስማት ያስችላል። መልሱን ሲመዘግቡ በኢትዮጵያ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ሰዓት መናገሩን ለይተው ይጻፉ።

ጠዋት ላይ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ስልክዎን በድምፅ መቅጃ ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት፤ እየቀዱ መሆኑንም አስቀድመው ይንገሯቸው። ሲያርፉ ዝም ብሎ መጠበቅ እንጂ ቃል ማቀበል አይገባም። የዚያ ትውልድ ዘማች ዛሬ በሕይወት ቢገኝ ዕድሜው ከዘጠና በላይ ስለሆነ፣ አብዛኛው አንባቢ የሚጠይቀው ልጆቹን ወይም ባለቤቱን ይሆናል። ያም ቢሆን ጥያቄው አይለወጥም፤ «አባባ ስለ መርከቡ ምን ምን ይሉ ነበር? ያን የሚያነሡትስ ምን ሲያዩ ነበር?» ማለት ይቻላል።

የእሷን ታሪክ መጠየቅ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ገና ሽማግሌ ያልተላከላት ልጃገረድ ወጣቱን ለመሸኘት ለገሃር ባቡር ጣቢያ በይፋ መቆም አትችል ይሆናል፤ ስለዚህ «ለገሃር ሄደው ሸኙት?» ብሎ መጀመር በሩን ሊዘጋ ይችላል። «መሄዱን ማን ነገረዎት? ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት የት ነበር?» የሚሉት ይሻላሉ። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ስለ ጠበቀችበት ጊዜ ነው፦ ቤተሰቦቿ ለሌላ ሊድሯት አስበው እንደሆነ፣ ሌላ ሽማግሌ መጥቶ እንደሆነ፣ ምን ብላ እንደ መለሰች፣ ከኮሪያ ስለ ሞተና ስለ ቆሰለ ሰው ወሬ ሲመጣ ከማን አፍ ትሰማ እንደነበር። በጦርነቱ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ስለሞቱና ከአምስት መቶ በላይ ስለቆሰሉ ያ ወሬ ተራ ወሬ አልነበረም። እሷን ብቻዋን፣ ወይም ከሴት ልጇ ጋር ብቻ፣ ቢያነጋግሯት ይመረጣል፤ ባልየው አጠገቧ ከተቀመጠ እሱ ይመልስላታል። ወታደሮቹ በዕረፍት ጃፓን ይወርዱ ስለነበር ከዚያ የመጣ የሐር ጨርቅ ወይም ፎቶግራፍ በሣጥኗ ውስጥ ካለ ታሪኩን ይጠይቁ፤ ነገር ግን በዚያ ፎቶግራፍ ላይ የማትታወቅ ሴት ካለች ጥያቄውን ሁለቱ ባሉበት አያንሡ።

ወደ ደብዳቤዎቹ ስንመጣ፣ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበርና ጽሕፈቱ የጓደኛ፣ ንባቡም የጎረቤት ተማሪ ሊሆን ይችላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሌላ ሰው እጅ የሚያጽፍና በሌላ ሰው አፍ የሚነበብለት ሰው የልቡን በግልጽ አያወጣም። ስለዚህ «ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» የሚለውን መግቢያ አይተው ፍቅሩን አይለኩ፤ ለእናቱም ለወንድሙም የሚጽፈው እንዲሁ ነው። የሚመረመረው ከመግቢያው በኋላ ያለው ነው፦ ሰላምታ የተላከላቸው ሰዎች ቅደም ተከተል፣ የእሷ ስም በስንተኛ ደረጃ እንደ ተጠራ፣ ወይም «ለእነ እገሌ ቤት ሁሉ ሰላም በሉልኝ» በሚል ተሸፍና እንደሆነ። ከእጮኛዪቱ ይልቅ ለእህቱ የተጻፈው ደብዳቤ የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ አለ። በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ የተጻፈበትንና የደረሰበትን ቀን ለየብቻ ይመዝግቡ። መርከብ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ሊላክ የሚችለው ወደብ ሲደረስ ብቻ ስለሆነ፣ በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ርቀት እሷ ምንም ሳትሰማ የቆየችበት ጊዜ ነው፤ ያንንም በእሷ በኩል ባለው ዐምድ ላይ ያስፍሩት።

ፎቶግራፍ ሲመረምሩ ከፊቱ በፊት ጀርባውን ይመልከቱ። «ለማስታወሻ እንዲሆንሽ» የሚል ጽሑፍ፣ ቀን ወይም የፎቶ ቤት ማኅተም ሊኖር ይችላል። በዘማቹ ትከሻ ላይ በቀይ ክብ ውስጥ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ የገጠሙበት ምልክት ካለ፣ ያ ቃኘው የተመደበበት የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ዓርማ ነው፤ ስለዚህ ፎቶግራፉ ኮሪያ ከተደረሰ በኋላ የተነሣ እንጂ የስንብት ፎቶግራፍ አይደለም። በብዙ ቤት ይህ ይቀላቀላል።

ሣጥኑ ባዶ ከሆነ አይገረሙ። ከታኅሣሥ 1953ቱ የክቡር ዘበኛ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ፣ ከዚያም ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀው በደርግ ዘመን፣ ሜዳሊያና ደብዳቤ የደበቀ፣ የቀበረ ወይም ያቃጠለ ጥቂት አይደለም። በዚህ ጊዜ አፍንጮ በር የሚገኘውን የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ማነጋገር፣ ኮሪያ ሰፈር ያሉ ነባር ቤተሰቦችን መጠየቅ፣ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ በወመዘክር፣ ደግሞ የሚያዝያና የግንቦት 1943 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣን ማገላበጥ ይቻላል። ጋዜጣው የእርስዎን ሰው ስም ባይዝ እንኳ፣ እሷ በዚያ ሳምንት ምን ወሬ ትሰማ እንደነበር ያሳያል።

የተገኘውን ወረቀት በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከፊትም ከጀርባም በስልክ ያንሡ፤ ስካነር ካለ የበለጠ ይሻላል። የተቀደደውን በፕላስተር አያጣብቁ፣ ላሚኔትም አያስደርጉ፤ ሁለቱም ኋላ የማይነቀል ጉዳት ያደርሳሉ። ቅጂውን ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ አንዱን ከቤት ውጭ፣ ያኑሩ። በመጨረሻም የተጻፈውን ለእሳቸው፣ እሳቸው ከሌሉም ለባለቤታቸው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው፤ «ይህን አውጣው» ያሉትን ለሌላ ከሚሰጠው ቅጂ ያውጡ፣ የቤተሰቡን ቅጂ ማን እንደሚይዝና ማን ማየት እንደሚችልም እዚያው ከእነሱ ጋር ተስማምተው ይጻፉ።