መጠጥ ለማቆም የድጋፍ ስብሰባ መሄድ ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስብሰባው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ሰውየው በሩ ጋ ደርሷል፣ ግን አይገባም። ስልኩን አውጥቶ መልእክት የሚያነብ ይመስላል፤ የሚያነበው ነገር የለም። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። ይሄ ጭራሽ ግራ አጋባው፤ ለቅሶ እንጂ ሳቅ አልጠበቀም።

ብዙ ሰው ከዚህ በር ይመለሳል። ገብቶ አንድ ቀን ተቀምጦ የሚቀረውም ጥቂት አይደለም። የሚያሳዝነኝ፣ ያስቀረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ቢነገረው የሚያልፈው መሆኑ ነው።

«መጀመሪያ ላቁም፣ ከዚያ እሄዳለሁ» ማለት

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (በአጭሩ ኤኤ)፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚደጋገፉበት ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አክሮን ከተማ ሲጀመር ሁለት ሰዎች ነበሩ። ቢል ዊልሰን መጠጥ ካቆመ ገና ወራት ነበር። ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ደግሞ ከቢል ጋር ሲገናኝ ገና ይጠጣ ነበር፤ ያቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬም ለአባልነት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የማቆም ፍላጎት። ክፍያ የለም። መሀል ላይ የሚዞረው ሳጥን ለክፍሉ ኪራይና ለመሳሰለው መዋጮ ነው፤ ሳይሰጡ ቢያሳልፉት ማንም ምንም አይልዎትም።

ስብሰባውን በሐኪም ቦታ መተካት

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ የሕይወት ጉዳይ ነውና። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ሊናወጥ ይችላል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በሰዓታት ውስጥ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከ2 እስከ 4 ባሉት ቀናት ደግሞ አንዳንዱ ሰው የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል። ይህ ይገድላል። ጠዋት ሳይጠጡ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆሙ እንዲህ ሆነው ከነበረ፣ ከማቆምዎ በፊት ሐኪም ያናግሩ። ስብሰባውም አይቅር፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

በስብሰባ ላይ አንድ ሰው «ሐኪም ያዘዘልህን መድኃኒት ተው» ቢል አይስሙት። ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ግን አይደለም።

ዓይነቱን ሳያጣሩ መሄድ

«ክፍት» ስብሰባ ላይ ቤተሰብም ጓደኛም ይገባል። «ዝግ» የሚባለው የመጠጥ ችግር ላለባቸው ብቻ ነው። የሴቶች ብቻ አለ፣ በኢንተርኔት የሚካሄድም አለ። የሚጠጣው ባልዎ ወይም ልጅዎ ከሆነ የእርስዎ ቦታ አል-አኖን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ለቤተሰብ ተብሎ የተቋቋመ። የኤኤ መንፈሳዊ ቋንቋ የሚከብድዎት ከሆነ ደግሞ ስማርት ሪከቨሪ የሚባል ሌላ የድጋፍ ስብሰባ አለ፤ በሥነ ልቦና ዘዴዎች ላይ ያተኩራል።

በአንድ ስብሰባ መፍረድ

እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ጠባይ አለው። አንዱ ጋ አንድ ሰው ሰዓቱን በሙሉ ይናገራል፣ ሌላው ጋ ሁሉም በተራ ጥቂት ጥቂት ይላል። አል-አኖን አዲስ ለመጣ ሰው ከመወሰኑ በፊት ቢያንስ 6 ጊዜ እንዲሞክር ይመክራል። ደግ ምክር ነው። በተለያየ ቡድን ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ።

«እኔ እንኳ እንደነሱ አልሆንኩም» ብሎ መለካትም እዚሁ ይመጣል። ያኛው ሥራውን አጥቷል፣ ይህኛው ታስሯል፣ እርስዎ ደግሞ ሥራዎ ላይ ነዎት። ከታሪኩ ይልቅ ስሜቱን ያዳምጡ። ጠርሙስ መደበቅ፣ ጠዋት «ትናንት ምን ብዬ ይሆን?» ብሎ መሳቀቅ፣ ይሄ ከሁሉም አፍ ይወጣል።

የመናገር ፍርሃት

አይገደዱም። ተራዎ ሲደርስ «ዛሬ ለመስማት ነው የመጣሁት» ማለት በቂ ነው። የተናገሩ ቀን ደግሞ ማንም መልስ ባይሰጥዎ አይከፋዎ። በብዙ ቡድን ሰው ሲናገር አለማቋረጥና አለመምከር ደንብ ነው። ዝምታው ማክበር ነው።

ዘግይቶ መግባት፣ ቀድሞ መውጣት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሰው እንዳያናግረኝ ብሎ ልክ ሲጀመር ይገባል፣ ሲያልቅ ፈትለክ ይላል። ዋናው ነገር ግን ወንበር ሲነሳ ነው የሚሆነው። አንዱ ጠጋ ብሎ «አዲስ ነህ አይደል?» ይላል፤ ቁጥር ይሰጣል። ያ ቁጥር ቅዳሜ ማታ፣ ቤት ውስጥ ብቻዎን ሆነው ጉሮሮዎ ሲደርቅ ያስፈልግዎታል። ግን የዚያን ሰዓት መጀመሪያ መደወል ከባድ ነው። ስለዚህ ምንም ባልሆኑበት ቀን «ደህና ነኝ፣ ለመልመድ ነው የደወልኩት» ብለው ይጀምሩ። የሚደውሉለትን ወይም ስፖንሰር (ቀድሞ አቁሞ አዲሱን የሚያግዝ አባል) የሚሆንዎትን ሰው ሲመርጡ አይቸኩሉ። ከመጠጥ ወሬ ይልቅ የፍቅር ወሬ የሚያበዛውን ይራቁ።

ጠጥቶ መቅረት

ሁለት ወር ቆጥሮ አንድ ማታ የጠጣ ሰው በየትኛው ፊቴ ልመለስ ይላል። ሳምንት ይቀራል፣ ሳምንቱ ወር ይሆናል። እዚያ የተቀመጡት ብዙዎቹ ግን በዚሁ መንገድ አልፈዋል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ጠጣሁ፣ ተመለስኩ» ይበሉ። አጠገብዎ ያለው ሰው ዞር ብሎ «እንኳን መጣህ» ይላል፣ ስብሰባውም ይቀጥላል።