ከቁጥሩ በፊት ቀኑን ቁጠሩ፦ የፕሮጄስትሮን ውጤት አነባበብ

ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ቡና እነግዳለሁ። በሒሳብ መዝገቤ የመጨረሻ ገጽ ላይ የወር አበባዬን ቀን መጻፍ የጀመርኩት አንዲት የላቦራቶሪ ወረቀት ካስለቀሰችኝ በኋላ ነው። እንቁላል መውጣቱ እንዲታወቅ ፕሮጄስትሮን የሚባለውን ሆርሞን የወር አበባሽ በጀመረ በ21ኛው ቀን ተመርመሪ ተባልኩ፤ ውጤቱ 0.8 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሆነ። «እንቁላል አልወጣም» አሉኝ። የእኔ ዑደት ግን፣ ከአንዱ የወር አበባ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ፣ 35 ቀን ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ፕሮጄስትሮን በብዛት የሚመነጨው እንቁላሉ ከወጣ በኋላ፣ ትቶት ከሄደው ከረጢት ነው። ጣሪያው ላይ የሚደርሰውም ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው። 21ኛው ቀን እንግዲህ ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት የተሰፋ ልብስ ነው። ከዑደታችሁ ርዝመት ላይ ሰባት ቀንሱ፤ የእኔ 28ኛው ቀን ላይ ይውላል። ደም የታየበት ቀን አንድ ይባላል። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ አያስቸግርም፤ ጳጉሜን ብቻ እንዳትዘነጉ። ዑደታችሁ የሚዋዥቅ ከሆነ ምርመራውን በየሳምንቱ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። ደም ከሰጣችሁ በኋላም የወር አበባችሁ መቼ እንደመጣ ጻፉ፤ ቀኑን በትክክል መምረጣችሁ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ መለኪያውን እዩ። ፈረሱላን ኪሎ ብሎ ያነበበ ነጋዴ ጉድ ሆነ ማለት ነው፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና። እዚህም 1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር 3.18 ናኖሞል በሊትር ይሆናል። ወረቀታችሁ ላይ 9 ናኖሞል ካለ በናኖግራም 3 እንኳ አልሞላም።

በትክክለኛው ቀን ተለክቶ ከ3 ናኖግራም በላይ ከሆነ እንቁላል መውጣቱን ያመለክታል፤ ብዙ ሐኪሞች 10ና ከዚያ በላይ ሲያዩ ይበልጥ ይረጋጋሉ። ሆርሞኑ ግን በሞገድ ስለሚለቀቅ በሰዓታት ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። 7 ያገኘች ሴት 12 ካገኘች ጎረቤቷ ጋር ወረቀት ብታስተያይ ትርፏ ጭንቀት ነው። መጾም አያስፈልግም። ለፀጉርና ለጥፍር ብላችሁ ባዮቲን የምትወስዱ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ውጤቱን ያዛባል።

እርጉዝ ከሆናችሁ ይህን ሁሉ ተዉት። ዝቅተኛ ቁጥር ፅንሱ የት እንዳረፈ አይናገርም፤ የሆድ ሕመም ወይም ደም ካለ ውጤት ሳትጠብቁ ለአልትራሳውንድ ሂዱ።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ አንዲት አዋላጅ ነርስ «እህቴ፣ ዑደትሽ ስንት ቀን ነው?» አለችኝ። በ28ኛው ቀን ተመረመርኩ፤ 11.4 ናኖግራም። በሳምንቱ የወር አበባዬ መጣ፤ ቀኑን ከአንድ ደንበኛዬ ዕዳ ሥር ጻፍኩት።