ልጆች ክብደት ሲለኩ፦ ችግርና መፍትሄ

ርዝመት በዓይን ይታያል፤ ክብደት ግን አይታይም። ታዳጊ ተማሪዎች ሚዛን ላይ የሚሳሳቱት በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት እጃቸው ይወቀው ባይ ነኝ።

«ትልቁ ነው የሚከብደው» ይላሉ። ዓይናቸውን እያመኑ ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ስለሚሆኑ «አይደለም» ብትሏቸው አይዋጥላቸውም። ጥጥ የሞላበት ትልቅ ፌስታልና አንድ ትንሽ ድንጋይ አቅርቡላቸው። መጀመሪያ ይገምቱ። ከዚያ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ እጃቸው ይያዙ። ሚዛኑ በመጨረሻ ይምጣ። ሳይገምት የለካ ልጅ ውጤቱ አይደንቀውም።

ድቡልቡል ጭቃ ሲጠፈጠፍ ክብደቱ የተለወጠ ይመስላቸዋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ነው። ድቡልቡሉን ይመዝኑ፣ እዚያው ይጠፍጥፉት፣ ደግመው ይመዝኑት። እጃቸው ላይ የተጣበቀችውንም ፍርፋሪ ይመልሱ፤ አለበለዚያ ሚዛኑ ራሱ ስህተታቸውን ያጸድቅላቸዋል።

አንዱን ዕቃ ለክተው የተለያየ ቁጥር ያመጣሉ። ወይ ቀስቱ ከዜሮ አልተነሳም፣ ወይ በጎን ነው ያነበቡት። ባዶው ሚዛን ዜሮ ላይ መሆኑን አይተው ይጀምሩ፤ ሲያነቡም ከቀስቱ ፊት ለፊት ይሁኑ።

ቀስቱን አይተው የተሳሳተ ግራም ያነባሉ። ትልቁ ራስ ምታት ይሄ ነው። ከ0 እስከ 100 ግራም ያለው በ5 እኩል ክፍተት የተከፈለ ሚዛን እንውሰድ። ቀስቱ ከዜሮ በኋላ 3ኛው መስመር ላይ ቆሟል። አንዱ ልጅ «3 ግራም» ይላል፣ ሌላው «30»። እያንዳንዱ መስመር 1 ወይም 10 ይመስላቸዋል። ሌላው ጣጣ ክፍተቱን ትተው መስመሩን መቁጠራቸው ነው፤ ዜሮን ጨምረው 6 ያገኛሉ። ጣታቸውን ከመስመር ወደ መስመር እያዘለሉ ዝላዩን ይቁጠሩ። 5 ዝላይ ነው። ማካፈል ገና ካልተማሩ ሞክረው ያግኙት፦ በ10 ቢዘሉ መጨረሻው 50 ይሆናል፣ አይደርስም። በ20ስ? ልክ 100። እንግዲህ ከዜሮ ተነስተው 20፣ 40፣ 60 ይበሉ። መልሱ 60 ግራም ነው።

1 ኪሎ ከ50 ግራምን «150 ግራም» ብለው ይጽፋሉ። ቁጥሮቹን አጣብቀው ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን በእጃቸው አንስተው ይዩት። ሲጽፉ 1,000 ለብቻ፣ 50 ለብቻ አድርገው ይደምሩ፦ 1,050 ግራም።

ሚዛኑ ለሁሉም አይበቃም። የልብስ መስቀያ በገመድ አንጠልጥሉና በሁለቱ ጫፍ እኩል ፌስታል እሰሩ። ባዶውን ካዘነበለ፣ ከፍ ባለው ጫፍ ላይ ትንሽ ጭቃ ለጥፉ። ቀጥ ሲል መለካት ይጀምሩ።