የኮርሱን ክሬዲት ሳታዩ ውጤት አታስሉ

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወጣ ታክሲ ውስጥ ሁለት አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውጤታቸውን ሲያሰሉ ሰማሁ። አንደኛው «አንድ ኤ፣ አንድ ቢ፤ እንግዲህ 3.5 ነው» አለ። ጣልቃ ልገባ ስል «ወራጅ አለ!» ብለው ወረዱ። በሆዴ ከሚቀር ለእናንተ ልንገራችሁ።

ኮርሶች እኩል አይመዝኑም፤ ክሬዲት የሚባለው የኮርሱ ክብደት ነው። በተለመደው አሠራር ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነጥብ ይይዛል። ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ቢ ካገኛችሁ 4 በ3 ተባዝቶ 12፣ ባለ 2 ክሬዲቱ ላይ ኤ ካገኛችሁ ደግሞ 8 ነጥብ ነው። ድምሩ 20 ለ6 ክሬዲት ሲካፈል 3.33 ይመጣል። ኤው በከባዱ ኮርስ፣ ቢው በቀላሉ ቢሆን ኖሮ 3.67 ይሆን ነበር። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ባለ 2 ክሬዲት ኮርስ ሳጠና ስንት ሌሊት አነጋሁ!

ጂፒኤ በዚህ መንገድ የተሰላ የአንድ ሴሚስተር አማካይ ውጤት ሲሆን ሲጂፒኤ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተጠራቀመው ነው።

ድሮፕ ማድረግ አንድ ኮርስ መተው ነው፤ ዊዝድሮዋል ግን ቅጽ ሞልቶ ትምህርቱን ለጊዜው ማቋረጥ ነው። ቅጹን ሳይሞሉ ሻንጣ ይዞ አገር ቤት መግባት ሲመለሱ ብዙ ያመላልሳል።

ውጤታችሁ ላይ «አይ» (I) የሚለውን ፊደል ካያችሁ አልወደቃችሁም፤ ያልተሟላ ፈተና ወይም ሥራ አለ ማለት ነው። ማሟያው ቀን ሳያልፍ መምህሩን አግኙ፣ ካለፈ ወደ ኤፍ ሊለወጥ ይችላል።