ናፍጣ መኪና ጠዋት ጠዋት ሲሸት፦ ደሴ ላይ የሚደጋገሙ የምርመራ ስህተቶች

ከጥቅምት እስከ ጥር ደሴ ላይ በማለዳ የወጣ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ግቢ ውስጥ ሞተሪኖ (የሞተሩ ማስነሻ) ያጉረመርማል፣ ሞተሩ ይይዛል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ከዚያ ነጭ ጭስ በአጥር በኩል ይወጣና ሰፈሩን ናፍጣ ናፍጣ ያሸተዋል። ባለመኪናው ደግሞ «ብርዱ ነው» ብሎ ይሄዳል።

ብርዱ እርግጥ ድርሻ አለው። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በእሳት ብልጭታ አይሠራም። አየሩን ብዙ ጊዜ ከ14 እስከ 22 እጥፍ አጭቆ፣ በመታመቁ በሚፈጠረው ሙቀት ነው ናፍጣውን የሚያቃጥለው። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ያን ሙቀት ይበላዋል። ደሴ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ትንሽ የደከመ ሞተር ኮምቦልቻ ሲያድር ዝም ብሎ ይነሳል፣ ደሴ ሲያድር ግን ጉዱ ይወጣል። ብርዱ የነበረውን ድክመት አጋለጠ እንጂ አልፈጠረውም።

መኪናውን አሙቆ ጋራዥ መውሰድ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ሌሎቹን ሁሉ የሚወልደውም እሱ ነው። ጠዋት ሸተተ፣ ጨሰ። ባለቤቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ጋራዥ ይገባል። ሞተሩ በመንገድ ላይ ሞቋል፤ ከፍታውም ወደ 600 ሜትር ቀንሷል። መካኒኩ ቁልፉን ሲያዞር መኪናው ቀጥ ብሎ ይነሳል።

«ወንድሜ፣ ምን ሆነ ነው የምትለው?»

«ጠዋት ይሸታል።»

«አብሽር፣ ምንም የለውም።»

መካኒኩ አልዋሸም። ያየው ጤነኛ ሞተር ነው። መፍትሔው መኪናውን ከማታው ወስዶ ጋራዥ ማሳደር ነው፤ ካልሆነም መካኒኩን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቤት መጥራት። ታክሲውን ከፍላችሁም ቢሆን ያዋጣችኋል። ሁለት ሦስት ሰዓት የቆመ ሞተር ቀዝቅዟል ማለት አይደለም፤ ሌሊቱን ማደር አለበት። መካኒኩ መምጣት ካልቻለ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹለት። ከማስነሳታችሁ በፊት ጀምሩ፣ ጭሱ እስኪጠፋ አታቁሙ። ሽታው በቪዲዮ ባይታይም የጭሱ ቀለምና የቆየበት ጊዜ ግማሹን ይነግረዋል።

«ይሸታል» ብቻ ብሎ ማቆም

ምን ምን ይሸታል? የት ጋ? ቁልፉን ሳትነኩ መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍታችሁ አሽቱ። ከዚያ ጋቢናውን። ካስነሳችሁ በኋላ ከኋላ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) በኩል ዙሩ።

ሞተሩ ገና ሳይነሳ ኮፈኑ ሥር ናፍጣ ከሸተተ ነገሩ የማቃጠል ችግር አይደለም፤ የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል። ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር ከሚረጩት ኢንጀክተሮች ትርፉን የሚመልሱት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ሲያረጁ ይደርቃሉ፣ ሲበርዳቸው ደግሞ ይሰነጠቃሉ። በባትሪ መብራት እዩዋቸው። እርጥብ ያለና አቧራ የያዘ ቦታ ካገኛችሁ እሱ ነው። በብዙ ሺህ ብር የሚፈራ ሽታ አንዳንዴ በአንድ ክንድ ጎማ ይጠፋል።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ዓይን የሚያቃጥል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ከነጭ ጭስ ጋር ከመጣ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ሞተሩም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል ሽታ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፤ ጋቢና ውስጥ ከሆነ የማሞቂያውን ራዲያተር፣ ከማርሚታ ከሆነ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ጋስኬት ጠርጥሩ። ሰማያዊ ጭስና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ሞተሩ ሲነሳ ቡፍ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ነው፤ እየነዳችሁም ከቀጠለ ግን ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ተርቦ ሊሆን ይችላል። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከጩኸት ጋር ሲሆን ቺንጊያው (የሞተሩ ቀበቶ) እየተንሸራተተ ነው።

አንድ ሽታ ግን ቀልድ የለውም። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ወደ ባትሪው ሂዱ። ያረጀ ወይም ከልክ በላይ እየተሞላ ያለ ባትሪ እንዲህ ይሸታል፤ የሚያወጣው ጋዝም ይፈነዳል። ሲጋራ፣ ክብሪት፣ በኬብል ከሌላ መኪና ማስነሳት፣ ሁሉም ይቅር። ሞተሩን አጥፉና አየር እንዲያገኝ አድርጉ።

እንፋሎትን ከጭስ ማምታታት

በብርድ ጠዋት ማንኛውም ማርሚታ እንፋሎት ያወጣል። እንፋሎት ጥቂት ሜትር ሄዶ ይጠፋል፤ ያልተቃጠለ ናፍጣ ጭስ ግን መሬት ለመሬት ይጎተታል፣ ግቢ ውስጥም ይቀመጣል። ካልለየላችሁ ነጭ ጨርቅ ከማርሚታው አፍ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ያዙ። ውሃ ከሆነ ጨርቁ ይደርቃል። ናፍጣ ከሆነ የቅባት ነጠብጣብ ይቀራል፣ ያም ይሸታል። የኩላንቱን መጠን ደግሞ ጠዋት ሳይሞቅ እዩት፤ በየቀኑ ከጎደለና መሬት ላይ ካላንጠባጠበ ሞተሩ እየጠጣው ነው። የሞቀ ራዲያተር ክዳን መክፈት የሚያስከትለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ኢንጀክተር ቀድሞ ማውረድ

ጠዋት ብቻ ነጭ ጭስና የናፍጣ ሽታ አለ፣ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው። ይህን ሲሰሙ ኢንጀክተር ለማውረድ የሚቸኩሉ አሉ። በበኩሌ መጀመሪያ የማስመረምረው ማሞቂያ ካንዴላውን፣ ማለትም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን በኤሌክትሪክ የሚያሞቀውን ነው። እንደ አሮጌዎቹ ሃይሉክስና ሃይስ ያሉት ናፍጣ ሞተሮች ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ ማሞቂያ ካንዴላ አላቸው። ከአራቱ አንዱ ከሞተ መኪናው ይነሳል፤ ግን አንዱ ሲሊንደር እስኪሞቅ ናፍጣውን ጥሬውን ይተፋል።

«ዳሽቦርዱ ላይ የካንዴላው መብራት በርታ ጠፍታለች፣ ስለዚህ ካንዴላው ደህና ነው» የሚል ክርክር ትሰማላችሁ። መብራቷ የምትነግራችሁ የመጠበቂያውን ጊዜ ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ላይ አራቱም ቢሞቱ እንኳ ትበራለች፣ ትጠፋለች።

ምርመራው ቀላል ነው። ካንዴላዎቹን የሚያገናኘው ብረት ይፈታና የእያንዳንዱ መቋቋም በመልቲሜትር ይለካል። ጤነኛው ብዙ ጊዜ ከ2 ኦም በታች ያነባል። ምንም የማያነበው ሞቷል። ሁሉም ደህና ከሆኑ ኤሌክትሪኩ እስከ እነሱ መድረሱን፣ ማለትም ሪሌውን (የኤሌክትሪክ ማብሪያውን) እና ፊውዙን ማየት ነው። አዳዲስ ሞተሮች ላይ ግን ከ12 ቮልት ባነሰ የሚሠሩ ካንዴላዎች አሉ፤ በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ መሞከር ያቃጥላቸዋል።

ካንዴላው ነጻ ከወጣ በኋላ ኢንጀክተርና ኮምፕሬሽን (ሞተሩ አየሩን የሚያምቅበት ጉልበት) ይታያሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ብትሄዱ ገንዘባችሁ አይባክንም።

አቋቋሙን አለማየት

ይህን ሜዳ ላይ ያለ ከተማ ሰው ላያስበው ይችላል። ደሴ ግን ዳገትና ቁልቁለት ናት፤ መኪናም እንደዚያው ይቆማል። ለጥ ያለ ቦታ ሲያድር ደህና ተነስቶ፣ አፍንጫውን ወደ ዳገቱ ሰቅሎ ሲያድር የሚያስቸግርና የሚጨስ ከሆነ፣ በናፍጣ መስመሩ ላይ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ። ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ታንከሩ ይመለሳል።

የናፍጣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ጠዋት ተጫኗት። ወዲያው ከጠነከረች መስመሩ ሙሉ ነው። ለስላሳ ሆና ብዙ ከተጫናችሁ በኋላ ብቻ ከጠነከረች አየር ገብቷል ማለት ነው። እግረ መንገዳችሁን የፊልትሮውን ውሃ ማፍሰሻ ላላ አድርጉና ውሃ መኖሩን እዩ፤ በተለይ ከጀሪካን ናፍጣ ገዝታችሁ ከሆነ።

ቁልቁለት ላይ አቁሞ ጠዋት በመንደርደር ማስነሳት የለመዱ አሉ። ዘዴው ይሠራል። ችግሩ ለወራት ሕመሙን መደበቁ ነው።

ቤንዚን መርጨትና እሳት ማንደድ

በአየር ፊልትሮው በኩል ቤንዚን ወይም ኤተር የሚረጩ አሉ። ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር ላይ ይህ ያለ ጊዜው ይቀጣጠላል፤ ፋሻ ይሰብራል፣ ፒስተን ይበሳል። ከሥር ከሰል የሚያነዱም አሉ። ናፍጣ ሸተተኝ ባላችሁት መኪና ሥር እሳት ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

በር ዘግቶ ለረጅም ጊዜ ማሞቅ

ብርድ ስለሆነ የግቢው በር ተዘግቶ ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ይሠራል። ጭሱ በመስኮት ቤት ይገባል፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ አስቡት። ለሞተሩም አይጠቅምም፤ ናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ የሚሞቀው ቀስ ብሎ ነው። ዘይቱ እስኪዳረስ አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ሳትረግጡት ቀስ ብላችሁ ንዱ።

ያልተቃጠለው ናፍጣ ሁሉ በማርሚታ አይወጣም። ጥቂቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ አሽቱት። ናፍጣ ከሸተተ፣ ወይም ሳትጨምሩበት መጠኑ ከፍ ካለ፣ ዘይቱ ቀጥኗል። ካንዴላውን ወይም ኢንጀክተሩን ባስጠገናችሁበት ቀን ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውንም አብራችሁ ቀይሩ።