ኦኪናዋን በአምስት ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ኦኪናዋ ከቶኪዮ ወደ ደቡብ ምዕራብ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ፣ በጥር ወር እንኳ አማካይ ሙቀቱ 17 ዲግሪ አካባቢ የሆነ የጃፓን ደሴት ነው። አብዛኛው ጎብኚ የሚሄደው ለባሕሩ ነው፤ ባሕሩም በእርግጥ ያን ያህል መንገድ የሚያስኬድ ነው። ሆኖም ደሴቱ እስከ 1879 ድረስ የራሱ ንጉሥና የራሱ ቋንቋ የነበረው የሪዩክዩ መንግሥት መቀመጫ ነበር፤ በ1945 ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት አስከፊ ውጊያዎች አንዱ ተካሂዶበታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው ዕቅድ ከባሕሩ በፊት ታሪኩን ያስቀድማል። ዓመቶቹ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ ወሮቹ በእኛ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

1. ወሩን ይምረጡ

የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የአየሩን ጠባይ ይወቁ። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ የዝናብ ወቅት ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ አውሎ ነፋስ ይበረታል፣ አንድ አውሎ ነፋስ ሲመጣም በረራና ጀልባ ለቀናት ሊቋረጥ ይችላል። ጥቅምትና ኅዳር፣ እንዲሁም ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ ያለው ጊዜ ይሻላል። ከሚያዝያ 21 እስከ 27 ባለው ሳምንት ጃፓናውያን ተከታታይ በዓላት ስላሏቸው ሆቴሉ ይሞላል፣ ዋጋውም ይንራል። ዓሣ ነባሪ ማየት የሚፈልግ ሰው ከጥር እስከ መጋቢት መሄድ አለበት፤ በጥር ወርም በደሴቱ ሰሜን ያለው የቼሪ አበባ ከመላ ጃፓን ቀድሞ ይፈካል።

2. ቪዛና በረራ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከመነሳቱ በፊት ከጃፓን ኤምባሲ ቪዛ ማግኘት ይኖርበታል። የሚሰጠው የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የሚያገለግለው ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ ለሦስት ወር ስለሆነ፣ ቀድሞ ማመልከት ጥሩ ቢሆንም እጅግ መፍጠን ግን ቪዛው ሳይጓዙበት እንዲያልፍ ያደርጋል። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያላቸው ወገኖች ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋቸውም።

በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚሄዱ ከሆነ የሚያርፉት በቶኪዮ ናሪታ ነው። ወደ ኦኪናዋ የሚበሩ ብዙዎቹ አውሮፕላኖች የሚነሱት ግን ከሌላው የቶኪዮ አውሮፕላን ማረፊያ ከሃኔዳ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ከናሪታ በቀጥታ ወደ ኦኪናዋ ዋና ከተማ ወደ ናሃ የሚሄድ በረራ ይፈልጉ፤ ካላገኙም በሁለቱ በረራዎች መካከል ሰፊ ጊዜ ይተዉ።

3. ናሃ ላይ ይረፉ፣ ሹሪን ያስቀድሙ

ማደሪያዎን በዋና ከተማዋ በናሃ፣ ዩይ ሬይል ከሚባለው ሞኖሬይል ጣቢያዎች በአንዱ አጠገብ ይያዙ። በደሴቱ ያለው ብቸኛ የባቡር መስመር ይኸው ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነሥቶ ከተማዋን ከላይ እያሳየ እስከ ሹሪና ከዚያም አልፎ ይወስዳል።

የመጀመሪያውን ቀን ለሹሪ ቤተ መንግሥት ይስጡ። ንጉሥ ሾ ሃሺ ሦስቱን የደሴቱን ተቀናቃኝ ግዛቶች በ1429 አንድ ካደረገ በኋላ ሪዩክዩ ከቻይና፣ ከጃፓንና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጋር እየነገደ ለ450 ዓመታት የቆየው ከዚህ ኮረብታ ላይ ሆኖ ነው። ቤተ መንግሥቱ በ1945 በጦርነቱ ወደመ፣ በ1992 እንደገና ተሠራ፣ በ2019 ደግሞ ዋናው አዳራሽ በሌሊት በተነሣ እሳት ጋየ። ዋናው አዳራሽ በ2026 ተጠናቅቆ እንዲቆም ታቅዶ ሲሠራ ቆይቷል፤ የመልሶ ግንባታው ሥራም ለጎብኚ ክፍት ሆኖ ሲታይ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ወርደው በ1501 የተሠራውን የነገሥታት መቃብር ታማዑዱንን ካዩ በኋላ፣ በኖራ ድንጋይ በተነጠፈው የኪንጆ ቁልቁለት በእግር ይውረዱ። ድንጋዩ በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታልና የማያዳልጥ ጫማ ያድርጉ። በመንገድዎ ቀና ብለው ጣሪያዎቹን ይመልከቱ፦ ቀያዮቹ የሸክላ ክዳኖች በነጭ ኖራ ተያይዘዋል፣ በላያቸውም አንበሳ የሚመስሉ ሺሳ የተባሉ ምስሎች ተቀምጠዋል። ሺሳ ብዙ ጊዜ ጥንድ ነው፤ አንዱ አፉን ከፍቷል፣ ሌላው ገጥሟል። ቤቱን ከክፉ ነገር ይጠብቃሉ ተብሎ ይታመናል።

4. ወደ ደቡብ፣ ወደ ማቡኒ

ሁለተኛውን ቀን ብዙ ጎብኚዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን አምስቱን ቀን ወደ ሁለት ማሳጠር ቢኖርብኝ እንኳ ይህን አልተውም። ከናሃ በስተደቡብ ኢቶማን ከተማ ማቡኒ በሚባለው ገደል አናት ላይ የሰላም መታሰቢያ ፓርክ አለ። በ1945 የተካሄደው ውጊያ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ወደ ማብቂያው የደረሰው እዚህ ሲሆን፣ ከደሴቱ ሕዝብ ሩብ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። ጥቁር የድንጋይ ሰሌዳዎች ተደርድረው ወደ ባሕሩ ዞረዋል፤ ከ240,000 በላይ ስሞችም ተቀርጸውባቸዋል። የኦኪናዋ ገበሬ፣ የጃፓን ወታደር፣ አሜሪካዊው፣ ኮሪያዊው፣ ጠላትና ወዳጅ ሳይባል ሁሉም አሉ። በሰሌዳዎቹ መካከል ቀስ ብለው ሲሄዱ ስም የሌላቸው ሰዎች ያጋጥሙዎታል፦ ስማቸው የማይታወቅ ሕፃናት «የእገሌ ልጅ» ተብለው ብቻ ተቀርጸዋል። ሰኔ 16 በየዓመቱ መታሰቢያው ይከበራል፤ ቤተሰቦች አበባና ውኃ ይዘው መጥተው የዘመዳቸውን ስም በጣታቸው ይዳስሳሉ። በዚያ ቀን የሚገኝ ጎብኚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው ፎቶ ከማንሣቱ በፊት አስፈቅዶ ይለፍ።

5. ሦስተኛው ቀን ለኬራማ ደሴቶች

ከናሃው ቶማሪ ወደብ ፈጣን ጀልባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ዛማሚ ወይም ወደ ቶካሺኪ ያደርሳል። ቦታው በ2014 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ጀልባው ማዕበል ሲበረታ ይሰረዛል፤ ጉዞውን በመጨረሻው ቀን ሳይሆን በሦስተኛው ቀን ማድረግ የሚሻለውም ለዚህ ነው፣ ቢሰረዝ ነገ አለልዎት። ከባሕሩ ሥር ያለውን ድንጋይ የሚመስል ሕያው ኮራል በእግር አይርገጡ፤ በኮራሉ ክፍተቶች በኩል ወደ ውጭ የሚጎትት ኃይለኛ ውኃ ስላለ ወደዚያ አይዋኙ። በሞቃቱ ወራት ሃቡኩራጌ የሚባል መርዘኛ ጄሊፊሽ ስለሚኖር መረብ በታጠረበት ውስጥ ብቻ ይዋኙ። ከነደፈዎት ሳያሹ ኮምጣጤ ያፍስሱበትና እርዳታ ይጥሩ።

6. ወደ ሰሜን

ከናሃ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሞቶቡ የሚገኘው ቹራውሚ አኳሪየም 7,500 ቶን ውኃ በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ዌል ሻርክ የሚባሉትን ግዙፍ ዓሣዎች ያሳያል። በአራተኛው ቀን በማለዳ ይነሡ፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃልና። ጃፓን መኪና የሚነዳው በግራ ነው፣ የምትቀበለውም በአጠቃላይ በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የተሰጠ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ስለሆነ፣ ከአገርዎ ሳይወጡ ያረጋግጡ። መንጃ ፈቃዱ ከሌለዎት ከናሃ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ አውቶቡስ አለ። ጊዜ ከተረፈዎት አጠገቡ ያለውን ናኪጂን የተባለ የጥንት ምሽግ ፍርስራሽ ይጎብኙ።

7. ምግብ

የኦኪናዋ ማዕድ በአሳማ ሥጋ ላይ የተመሠረተ ነው። ኦኪናዋ ሶባ የሚባለው የስንዴ ፓስታ መረቁ ከአሳማ አጥንትና ከዓሣ የሚወጣ በመሆኑ፣ ላዩ ላይ ሥጋ ባይታይም ውስጡ አለበት። ክርስቲያንም ሆኑ ሙስሊም፣ ሳያዝዙ «ቡታኒኩ ዋ ታቤማሴን» ይበሉ፤ የአሳማ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። ለጾመኛ ከለውዝ የሚሠራው ጂማሚ ቶፉ አለ፤ ነገር ግን የሚፈስበት መረቅ ብዙ ጊዜ የዓሣ ስላለበት ለብቻው ይጠይቁ። ጎያ የተባለው መራራ አትክልትም በአብዛኛው ከእንቁላልና ከሥጋ ጋር ተጠብሶ ይቀርባል።

8. የመጨረሻው ቀን

አምስተኛውን ቀን በኮኩሳይ ጎዳናና በማኪሺ ገበያ ይዋሉ። ሐምራዊውን የስኳር ድንች ለመግዛት ቢፈልጉ ጥሬውን አይግዙ፤ የተክል ተባይ እንዳይዛመት ሲባል ጥሬ ስኳር ድንች ከኦኪናዋ ወደ ሌላው የጃፓን ክፍል ይዞ መሄድ የተከለከለ ነው። በኬክነት ወይም በብስኩትነት የተዘጋጀውን ግን በሻንጣዎ ይዘው መሄድ ይችላሉ።