የዛፍ እንቁራሪት በቴራሪየም፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

በአውሮፓና በአሜሪካ በብዙ ቤቶች በቴራሪየም (በመስታወት ሣጥን) የምትኖረው የኋይት የዛፍ እንቁራሪት የአውስትራሊያ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ክፍል እንዲሁም የደቡብ ኒው ጊኒ ተወላጅ ናት። ከ7 እስከ 11 ሴንቲ ሜትር ታድጋለች፤ በሚገባ ከተያዘች ከ15 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። እንቁራሪት ውኃን በአፏ አትጠጣም፤ በቆዳዋ፣ በተለይም በሆዷና በጭኖቿ ሥር ባለው ስስ ቆዳ ትመጥጠዋለች። በውኃው ውስጥ ያለው ጎጂ ነገር ሁሉ በዚያው መንገድ ስለሚገባባት፣ አንዳች ምልክት ሲታይ ወደ መድኃኒት ከመሮጥ በፊት የሣጥኑን ሙቀት፣ እርጥበትና ውኃ መመርመር ተገቢ ነው።

ምልክት፦ ምግብ አልበላም ትላለች

ከብዙዎቹ አርቢዎች የሚሰማው ቅሬታ ይህ ነው፤ መንስኤው ግን አንድ አይደለም። እንቁራሪቷ ወደ ቤት ከገባች ገና ጥቂት ቀናት ከሆናት አዲሱ ስፍራ እስኪለመዳት ድረስ አለመብላቷ የሚጠበቅ ነው። በዚህ ጊዜ በየሰዓቱ ሣጥኑን መክፈትና በእጅ መያዝ ችግሩን ያራዝመዋል።

የቆየች ከሆነች ቀዳሚው ተጠርጣሪ ቅዝቃዜ ነው። ሰውነቷ የሚሞቀው ከአካባቢዋ በምታገኘው ሙቀት ስለሆነ፣ ሣጥኑ ሲቀዘቅዝ የምግብ መፈጨቱም አብሮ ይዘገያል። ቀን ቀን ሞቃታማው ጎን ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን፣ ሌሊትም ከ20 ዲግሪ እንዳይወርድ በቴርሞሜትር መከታተል ያስፈልጋል። በእጅ ዳስሶ «ይሞቃል» ማለት ልኬት አይደለም። ሙቀቱ ከላይ ቢመጣና በሙቀት መቆጣጠሪያ ቢገታ ይመረጣል፤ እንቁራሪቷ በቀጥታ ልትቀመጥበት የምትችል የጋለ ነገር ግን ሆዷን ያቃጥላታል።

ሦስተኛው ምክንያት የሰዓት ጉዳይ ነው። እንቁራሪቷ የሌሊት አዳኝ ስለሆነች፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ካልቀረበላት ልታየው እንኳ ላትፈልግ ትችላለች። የሚቀርበው ፌንጣ ወይም በረሮ ሕያውና የሚንቀሳቀስ፣ መጠኑም በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት ያልበለጠ መሆን አለበት። ያልተበላው ፌንጣ በዚያው ሌሊት ካልተነሣ የተኛችውን እንቁራሪት ቆዳ ይነክሳል።

ለመብላት እየፈለገች፣ እየዘለለችም፣ ምላሷ ግን ፌንጣውን መያዝ ካቃተው ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ ምላስ ተለጣፊነቱን የሚያጣበት የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። ቫይታሚኑ ሲበዛ ራሱ መርዝ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ሐኪሙ እንጂ አርቢው መጠን መወሰን የለበትም።

ምልክት፦ መንቀጥቀጥ፣ የለሰለሰ መንጋጋ፣ የተጣመመ እግር

መንስኤው በአብዛኛው የካልሲየም እጥረት ነው። በፌንጣ ሰውነት ውስጥ ፎስፎረስ ከካልሲየም እጅግ ስለሚበልጥ፣ ፌንጣ ብቻ የምትመገብ እንቁራሪት ሆዷ እየሞላ አጥንቷ ይራባል። መፍትሔው ሁለት እርምጃ አለው፦ አንደኛ፣ ፌንጣዎቹ ከመቅረባቸው ከ24 እስከ 48 ሰዓት በፊት ጎመን፣ ካሮትና የመሳሰለውን እንዲበሉ ማድረግ፤ ሁለተኛ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከካልሲየም ዱቄት ጋር ነቅንቆ ወዲያውኑ ማቅረብ። ወዲያውኑ የተባለው፣ ፌንጣው ዱቄቱን ከላዩ ፈጥኖ ስለሚያጸዳ ነው። ለታዳጊዎች በየምግቡ፣ ለአዋቂዎች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። ዱቄቱ ቫይታሚን ዲ3 የያዘ ቢሆን ወይም የአልትራቫዮሌት ቢ መብራት ቢኖር ካልሲየሙ በሰውነቷ ውስጥ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ተራ መስታወት ይህን ጨረር ስለሚከለክል መብራቱ ከመስታወት ክዳን በላይ ቢሰቀል ከጌጥነት አያልፍም። አምፖሉ እያበራም ጨረሩ ስለሚደክም በአምራቹ ጊዜ መሠረት መቀየር አለበት። መንጋጋዋ ከለሰለሰ በኋላ ግን ዱቄት ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግድ ይሆናል።

ምልክት፦ ከዓይኖቿ በላይ ያለው ቆዳ ወፍሮ መንጠልጠል

ይህ ውፍረት ነው። «እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» የሚለው ተረት ስለ ሌላ ነገር የተነገረ ቢሆንም ይህቺ ዝርያ የቀረበላትን ሁሉ ስለምትውጥ ለእርሷ ይስማማል። አዋቂዋን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ መመገብ፣ ስብ የበዛባቸውን ትሎችና አይጥ ደግሞ ከምግቧ ማውጣት ይበቃል።

ምልክት፦ ቀለሟ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ መለወጥ

በራሱ በሽታ አይደለም፤ ሙቀት፣ እርጥበትና ጭንቀት ቀለሟን ይለውጡታል። (ስሟ የተወሰደበት ሐኪሙ ጆን ኋይት እ.ኤ.አ. በ1790 ለሳይንስ ሲያስተዋውቃት «ሰማያዊ» የሚል የላቲን ስም የሰጣት፣ የተላከው ናሙና በማቆያው ፈሳሽ ቢጫ ቀለሙን አጥቶ ሰማያዊ መስሎ ስለነበር ነው።) ቡናማነቱ ለቀናት ከቆየ እርጥበቱ ከ50 እስከ 60 በመቶ መሆኑ ይለካ። በምሽት አንድ ጊዜ ተረጭቶ እስከ ማግስቱ ደረቅ ማለት የሚችል፣ አየር የሚገባው ሣጥን ያስፈልጋታል፤ ዘወትር የረጠበ ሣጥን ለቆዳ በሽታ መንገድ ይከፍታል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን በክፍት ዕቃ ለአንድ ቀን ቢቀመጥ ይወጣል፤ ክሎራሚን የተባለው ሌላው የውኃ ማጽጃ ግን ስለማይወጣ የዓሣ አርቢዎች የሚጠቀሙበት ማጣሪያ ፈሳሽ ይጨመርበታል። የተጣራ የባትሪ ውኃ ማዕድን ስለሌለው ለመንከሪያ አይሆንም።

ምልክት፦ የተነፋ ሆድና ሰገራ አለመኖር

ከፌንጣው ጋር ጠጠር ወይም የእንጨት ቅርፊት ውጣ ሊሆን ይችላል። ለብ ባለ፣ እስከ አገጯ በማይደርስ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል፤ በሁለት ቀን ካልወጣላት ራጅ ያስፈልጋታል። ወለሉ የወጥ ቤት ሶፍት ወይም ከጭንቅላቷ የሚተልቅ ድንጋይ ቢሆን ይህ ችግር አይመጣም።

ምልክት፦ የተላጠ አፍንጫ

ሣጥኑ ጠቧታል። ለሁለት እንቁራሪቶች ቢያንስ 45 በ45 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ የሚበልጥ፣ ቅርንጫፍና መሸሸጊያ ቅጠል ያለበት ይሁን። በመጠን የሚበላለጡትን አብሮ ማኖር ትንሿን ለትልቋ እራት ማቅረብ ነው።

ምልክት፦ የጭን ውስጥ መቅላት ወይም ቆዳን ደጋግሞ መጣል

እዚህ ላይ በቤት መሞከር አይገባም። መቅላቱ ብዙውን ጊዜ ከቆሸሸ ውኃ የሚመጣ የባክቴሪያ በሽታ ነው፤ ቆዳ መጣሉ ከድካም ጋር ከመጣና ስትገለበጥ መቃናት ካቃታት ደግሞ በብዙ የዓለም ክፍሎች እንቁራሪቶችን የጨረሰው የኪትሪድ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። የታመመችዋ ለብቻዋ ሶፍት በተነጠፈበት ንጹሕ ዕቃ ትቀመጥ፤ ሐኪሙም ከቆዳዋ ናሙና ወስዶ ይመርምር። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲታለፍ እጅ ይታጠብ፣ ጓንትም ይቀየር። የሣጥኑ ውኃ በበረኪና ሳይታከም ወደ ጓሮ ወይም ወደ ወንዝ አይደፋ።